የወረቀቱ ጀርባ

መዝገብ ቤት ስመደብ ደስ አላለኝም። የተማርሁት ኮምፒውተር ነበርና የአቧራና የሲባጎ ክፍል ውስጥ ሲያስገቡኝ የቀጡኝ መሰለኝ። የጽሕፈት ቤቱን ስም ልተወው፤ ከጋይንት ወረዳዎች በአንደኛው፣ የገጠር መሬት ጉዳይ የሚታይበት ቤት ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ሰውና ሰው አይደማመጥም። ከባለጉዳይ መቀበያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ግድግዳዋ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ማህደር።

በዚያች ክፍል ውስጥ አለቃዬ ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ያን ጊዜም የምጠራቸው እንዲሁ ነበር። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አስረው ካንገታቸው የሚያንጠለጥሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማይሰማ ሰው። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ጀምረው ነበር፤ ኋላ ትተውት የመንግሥት ሥራ ገቡ። አይጥ ማህደር እንዳይበላባቸው አንዲት ግራጫ ድመት ያኖሩ ነበር፤ ከምሳቸው ሳይቆርሱላት አይበሉም።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ መጣ። የማህደር ቁጥር አልያዘም። የይዞታ ደብተሩ ከነቤቱ እንደ ተቃጠለበት ተናገረ። እኔ፣ ቁጥር ከሌለህ አይገኝም ልለው አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

ነገራቸው።

«አያትህስ?»

የአያቱንም ስም ተናገረ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ከወንዙ ማዶ ነው» አሉ፤ «በላይ በኩል የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ያዋስነዋል፤ በታች ገደል።» ገበሬው አዎ እያለ ራሱን ነቀነቀ። እሳቸው መሰላሉን ወጡ፤ ከላይኛው መደርደሪያ ከጥጉ አንድ ማህደር ስበው አወረዱ፤ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው ከፊቱ አስቀመጡለት።

ገበሬው ማህደሩን ሲያይ እኔ የማየው እሳቸውን ነበር። ባንድ ሰው ራስ ውስጥ ስንት ወንዝ፣ ስንት ገደል፣ የስንት ሰው አያት ይቀመጣል? ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሉን እንደ ቅጣት ቆጥሬው አላውቅም።

ስካነሩ የመጣው በዓመቱ ነው፤ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር፣ በካርቶን ታሽጎ። ለሥልጠና ደብረ ታቦር ላኩኝና አንድ ሳምንት ተቀመጥሁ። አሠልጣኙ ወረቀት ይበሰብሳል፣ ይቃጠላል፣ ምስጥ ይበላዋል እያለ በሥዕል አሳየን፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ እየጠቆመ እዚህ የገባ ግን በደህና ይቀመጣል አለን። ሁሉንም አመንሁ። ጣራችን የሚያፈስበትን ቦታ አውቀው ነበርና ለማመን አልተቸገርሁም።

ስመለስ ኃላፊያችን ጠርቶኝ፣ «ክረምቱ ሳይወጣ ሁሉም ማህደር ወደ ኮምፒውተር ይግባ» አለኝ። ባለጉዳይ የሚቀንሰው በክረምት ነው፤ ገበሬው አረምና እርሻ ላይ ይሆናል፤ ወንዙም ይሞላል። ስለዚህ እኔና ጋሼ በሩን ዘግተን ተቀመጥን። መብራት ሲመጣ እኔ ወረቀቱን እያነሣሁ ከመስታወቱ ላይ አስተኛለሁ፤ ብርሃኑ ሄዶ ይመለሳል፤ ወረቀቱ ከስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። መብራት ሲጠፋ ጋሼ ያልተነበበውን ማህደር እያገላበጡ ይነግሩኛል።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ፋይል የሰጠሁት ስም ቁጥር ብቻ ነበር። ጋሼ ከትከሻዬ በላይ ሆነው ተመለከቱና፣ «ይህን ቁጥር ማን ያውቀዋል?» አሉኝ።

«ኮምፒውተሩ ያውቀዋል።»

«ኮምፒውተሩ ባለጉዳይ ሆኖ ይመጣል?»

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ማህደር የባለቤቱን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ ቀበሌውን፣ አዋሳኙን በአራቱም ማዕዘን እየጻፍሁ አስገባሁ። ወረቀቱ ላይ የሌለውን እሳቸው ከራሳቸው ይሞሉልኛል። «ይህ ሰውዬ ሁለት ስም አለው፤ አገሩ የሚያውቀው በሁለተኛው ነው፤ ሁለቱንም ጻፊው» ይላሉ። ወይም፣ «ይህች ቀበሌ ድሮ የምትጠራው በሌላ ስም ነበር፤ አሮጊቶቹ ሲመጡ በአሮጌው ነው የሚጠይቁሽ።» ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ አለቁ። እኔ ጣቴ ሲደክም አርፋለሁ፤ እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ቆይ ላስታውስ ብለው ሲጨነቁ አላየሁም።

መስከረም ሲጠባ ጨረስን። ክፍሉ ባዶ ሊሆን ነው ተባለ። ወደ ኮምፒውተር የገባው ወረቀት በኬሻ ተሞልቶ ግቢው ውስጥ ካለው መጋዘን ተከተተ፤ የአስወጋጁ ኮሚቴ ሰኞ ሊፈርምና ሊቃጠል ተቀጠረ። ድመቷ ከባዶ መደርደሪያው ላይ እየዘለለች ታስነጥስ ነበር።

ዓርብ ዕለት፣ ገበያ ከሚወጣው ሕዝብ ጋር፣ አንዲት አሮጊት መጡ። ከሰማዳ ወዲህ ካለው ቆላ ሥር ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ነው የወጡት። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የአባቴን ወረቀት ፈልጊልኝ። ወንድሜ ሞቶ ልጁ ከመሬቱ ውጪ ብሎኛል። ዳኛው ማስረጃ አምጪ አለኝ። አባቴ በሽማግሌ ፊት ሰጥቶኛል፤ ወረቀቱም እናንተ ዘንድ ነው።»

ደስ አለኝ። ያ ሁሉ የክረምት ድካም የሚታይበት ቀን መጣ ብዬ የአባታቸውን ስም ጻፍሁ። ወዲያው ወጣ። መሰላል የለ፣ አቧራ የለ። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርሁና አነበብሁላቸው፤ የአባታቸው መሬት ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደተመዘገበ። እዚያ ላይ አበቃ። ለሴት ልጅ ስለ መስጠት የሚናገር ቃል የለበትም።

«የለም እማማ» አልኋቸው። «መሬቱ የአባትዎ እንደነበር ይናገራል እንጂ ለእርስዎ እንደሰጡ አይልም።»

«ይላል።»

«እኔ እያነበብሁት ነው። የለም።»

አሮጊቷ አልተቆጡም። ነጠላቸውን አጣፉና ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው፣ «እኔ ማንበብ አላውቅም» አሉ። «ግን አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጸሐፊው ቦታ ጠበበኝ ብሎ ወረቀቱን ገለበጠው። በጀርባው ነው የጻፈው። አባቴም አውራ ጣቱን በጀርባው ነው ያሳረፈ። ሽማግሎቹም።»

ገለበጠው የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ክረምቱን በሙሉ ወረቀት እያነሣሁ ከመስታወቱ ላይ ሳስተኛ፣ አንዱንም ገልብጬው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

ጋሼ ከጥጋቸው ተነሥተው መጡ። ፊቴን አይተው ገባቸው መሰለኝ። «ማሽኑ ሁለቱንም ወገን የሚያይ መስሎኝ ነበር» አሉ በዝግታ።

«አያይም ጋሼ። የተኛበትን ወገን ብቻ ነው።»

የመጋዘኑን ቁልፍ ይዘን ወጣን፤ አሮጊቷም ተከተሉን። በሩ ሲከፈት ኬሻዎቹ እስከ መስኮቱ ተቆልለው ነበር። እኔ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ስቆም ጋሼ፣ «የዚያ ቀበሌ ማህደር የገባው በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ስለዚህ ከበሩ አጠገብ ነው» አሉና ተንበረከኩ። ሁለት ኬሻ ፈታን። ሦስተኛው ላይ አሮጊቷም ተቀምጠው ያግዙን ጀመር፤ የማያነቡትን ወረቀት እንዳይታጠፍ በመዳፋቸው እየዳበሱ ከጎናቸው ይደረድሩ ነበር።

አራተኛው ኬሻ ውስጥ ጋሼ አንድ ቢጫ የሆነ ወረቀት አወጡ፤ ፊቱን አዩት፤ ከዚያ ገለበጡት። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡ። የመጀመሪያው መስመር የአባትየውን ስም ይጠራል። ሁለተኛው፣ ከጥምዱ መሬት ግማሹን ለሴት ልጄ ሰጥቻለሁ ይላል። ከሥሩ አራት አሻራ ነበረ፤ የሦስት ሽማግሎችና የአንድ አባት።

አሮጊቷ፣ «ነው?» አሉ።

«ነው» አሏቸው ጋሼ።

ወደ ክፍሉ ተመልሰን ወረቀቱን፣ በዚህ ጊዜ በጀርባው፣ ከመስታወቱ ላይ አስተኛሁት። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ጽሑፉ ደብዝዞ ስለነበር ለማንበብ አጎላሁት፤ ሳላስበው አሻራው ላይ ደረስሁ። የአባትየው አውራ ጣት ስክሪኑን ሞላው። መስመሮቹ ጎርበጥ ጎርበጥ እያሉ፣ እንደ ትልም ተራ ይዘው፣ መሐሉ ላይ ሲደርሱ ይዞራሉ። ከላይ እስከ ታች ደግሞ አንድ ነጭ ስንጥቅ አቋርጧቸዋል። የስካነሩ መስታወት ቆሽሾ ይሆናል ብዬ ልጠርገው ስል አሮጊቷ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ቆሙ።

«ማጭድ ነው» አሉ።

«ምን አሉ እማማ?»

«ጤፍ ሲያጭድ ማጭድ ቆርጦት ነበር። እናቴ ናት ያሰረችለት። ጠባሳው እንዲህ ነበር፤ እንዲህ ቁልቁል።» በራሳቸው አውራ ጣት ላይ በጥፍራቸው መስመር አሰመሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልንካው?» አሉኝ።

«ይንኩት።»

ስክሪኑን ሳይሆን እሳት የሚነኩ ይመስል ጣታቸውን ቀስ አድርገው አስጠጉ። አውራ ጣታቸው የአባታቸው አውራ ጣት ላይ አረፈ። ሰውየው ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ፎቶ እንኳ ተነሥቶ አያውቅም። ሴት ልጁ ከመልኩ በዚህ ዓለም ላይ የቀረውን አንድ ነገር ነበር የምትነካው። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። እኔ ከዚያ በፊት በማሽን ተደንቄ አላውቅም፤ የተማርሁት ነበርና። ያን ቀን ግን የማሽኑ ይሁን የወረቀቱ ይሁን የአሮጊቷ ትዝታ ይሁን፣ የየትኛው እንደሆነ የማላውቀው ግርማ ክፍሉን ሞላው።

ኮፒውን አትመን፣ ማኅተም አድርገን ሰጠናቸው። እናንተን ያቆይልኝ ብለው መርቀውን ወደ ገበያው ወረዱ።

ከዚያ ወደ ኃላፊው ሄድሁ። ጥፋቴን ስናገር ሰበብ አልፈለግሁም፤ አልገለበጥሁም፣ ግማሽ ያህሉ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ሳይኖረው አይቀርም፣ ሰኞ ከተቃጠለ ጠፋ አልሁት። የጨረስነውን ሥራ ለዞን ሪፖርት አድርጎ ነበር። በመጨረሻ፣ «ሪፖርቱን እኔ አስተካክላለሁ፤ አንቺ ኬሻውን መልሺ» አለኝ። ስለዚያ ቃል እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ኬሻውን መመለስ ቀላል ነበር። እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። ጀርባውን መርሳቴን ያወቅሁት አንዲት ማንበብ የማይችሉ ሴት ስለነገሩኝ ነው። ማንም ሰው ያልነገረኝ ሌላ ስንት ስሕተት አለ? የተቆረጠ ጠርዝ፣ የተዘለለ ገጽ፣ በሌላ ሰው ስም የገባ ወረቀት? ይህን ለጋሼ ስነግራቸው፣ «እሑድ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ወንድሜን ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ አብረሽኝ ነይ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

የተወሰነውን መንገድ በመኪና፣ የቀረውን በእግር ሄድን። ወንድማቸው የድጓ መምህር ናቸው። ድጓ የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሁሉ የተጻፈበት ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ከየአገሩ ተምሮ የጨረሰ ሰው እዚያ መጥቶ ካላስመሰከረ መምህር አይባልም። ስንደርስ የኔታ ከአጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ጺሙን ያሳደገ ጎልማሳ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያዜምላቸው ነበር። ዓይናቸው ከታመመ ዓመታት አልፈዋል፤ መጽሐፉን አያዩትም። ራሳቸውን ደገፍ አድርገው ይሰማሉ።

በድንገት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ። ጎልማሳው አቆመ።

«ተመለስ» አሉት።

ከመስመሩ መጀመሪያ ጀመረ። እዚያው ቦታ ሲደርስ እንደገና መታ አደረጉ።

«የኔታ፣ መጽሐፌ እንዲህ ነው የሚለው» አለ ጎልማሳው በትሕትና።

«እንግዲያው መጽሐፍህን አርመው።»

ጎልማሳው ምላጭ አወጣ። ከፊደሉ ራስ ላይ ያለችውን፣ ከትንኝ የማትበልጥ የዜማ ምልክት ፈቅፎ ሌላ ጻፈ፤ እፍ ብሎ አደረቃት፤ ከዚያ ዜማው ቀጠለ። መጽሐፉን በገዛ እጁ ሲጽፍ ሁለት ዓመት እንደፈጀበት ኋላ ነገረኝ። እያንዳንዱን ገጽ እንዲህ እያዜመ፣ እየታረመ ሊጨርሰው ነው። ከእሱ በፊት የኔታም እንዲሁ አድርገዋል፤ ከእሳቸው በፊት መምህራቸው። አንዲት ነጥብ እንዳትጠፋ ሰው ከሰው እየተቀባበለ ስንት መቶ ዓመት ቆየ ብዬ ሳስብ ራሴን አዞረኝ። የድንጋይ ግንብ አይቼ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ሲያበቁ ጋሼ ወደ ወንድማቸው ተጠግተው የእኛን ነገር አጫወቷቸው። የኔታ ሳቅ ሳይሉ፣ ሳይገረሙም ሰሙ።

«ቀድታችኋል» አሉኝ። «ጥሩ ነው። ማን አስመሰከረው?»

«አልገባኝም የኔታ።»

«ግልባጩን ከአባቱ ጋር ማን አስተያየው? ልጅ ከአባቱ ጋር ካልታየ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

በሥልጠናው ላይ ስለ ማሽኑ ፍጥነት፣ ስለ ፋይሉ መጠን ተነግሮናል፤ ይህን ግን የጠየቀን የለም፤ ወይም ተነግሮን እኔ አልሰማሁትም። ዓይናቸው የማያይ፣ ኮምፒውተር አጠገባቸው ቀርቦ የማያውቅ ሰው የሥራዬን ዋና ነገር በአንድ ቃል አስቀመጡልኝ።

ሰኞ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመርን። እያንዳንዱን ወረቀት በፊቱም በጀርባውም ስካን አደረግሁ፤ ባዶ ጀርባ እንኳ ቢሆን ባዶ መሆኑ እንዲታወቅ አብሮ ገባ። ከዚያ እኔ ከስክሪኑ አነባለሁ፤ ጋሼ ወረቀቱን ይዘው ይከተሉኛል። ስሳሳት በእስክርቢቶ ጠረጴዛውን መታ ያደርጋሉ። በመጀመሪያው ቀን የየኔታ መቋሚያ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፣ ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ነበር። በየማህደሩ መጨረሻ ከዋናው ጋር ተመሳክሯል የሚል ቦታ ከፈትሁና የሁለታችንንም ስም ጻፍሁ። አንድ ክረምት የፈጀው ሥራ በዚህ አካሄድ ዓመት ከመንፈቅ ወሰደ። ጀርባው ላይ ያገኘነውን ሁሉ ብዘረዝር አያልቅም፤ የታረቁ ባለደሞች፣ ለእንጀራ ልጅ የተተወ ማሳ፣ የምንጭ መንገድ የፈቀደ ጎረቤት። ሰው መልካም ነገሩን በጀርባው ያጻፍ ነበር እንዴ እላለሁ አንዳንዴ፤ ቦታ ስለሚጠብ ብቻ እንደሆነ ባውቅም።

አሮጊቷ በመሐሉ አንድ ዓርብ ብቅ ብለው ነበር። ዳኛው ዋናውን ወረቀት ከእኛ አስመጥቶ ካየው በኋላ መሬቱ እንደጸናላቸው፣ ከወንድማቸው ልጅም ጋር በሽማግሌ እንደታረቁ ነገሩን። ቁጭ አሉ በዚህ ጊዜ፤ አንድ አገልግል ቆሎ ይዘውልን መጥተው ነበር።

ወረቀቱ አልተቃጠለም። ጣራው ተጠግኖ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። የፋይሎቹን ቅጂ ደግሞ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጠን አንዱን በብረት ሣጥን አስቀመጥን፣ ሁለተኛውን ኔትወርኩ ስለማይታመን በእጃችን ይዘን ደብረ ታቦር አደረስን።

ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ደብረ ታቦር ያለው ቅጂ በእርግጥ ይከፈት እንደሆነ እንፈትሽ አልኋቸው። እዚያ ላለችው ባለሙያ ደውዬ፣ «ከፈለግሽው ማህደር አንድ ወረቀት ከነጀርባው አውጪና በስልክ ላኪልኝ፤ የቱን እንደምትልኪ አትንገሪኝ» አልኋት። ጠበቅን። ኔትወርኩ ሄዶ መጣ። ከዚያ ምስሉ ከስልኬ ላይ ተከፈተ፤ ጋሼ ስሙን አይተው መሰላሉን ወጡና ዋናውን አወረዱ። መስኮቱ አጠገብ ቆመው በቀኝ እጃቸው ወረቀቱን፣ በግራቸው ስልኬን ይዘው አንዱን ከሌላው ያስተያዩ ጀመር፤ ቃል በቃል፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። ፊቱን ሲጨርሱ ወረቀቱን ገለበጡት፤ እኔም ሁለተኛውን ምስል ከፈትሁላቸው።

ከዚያ ስልኬን መለሱልኝ።

«ነጥቡም አልጎደለም» አሉ፤ ማህደሩንም ወደ ቦታው ሊመልሱ መሰላሉን ወጡ።